ከብብት እስከ ጡጫ

ሐሙስ፣ ሜይ 1

ጥፋቱ የግሌኒስ ነው። የታናሽ እህቴ የግሌኒስ። አንድ ቀን እጄ ተሰብሮ ወይም ፀጉሬ ነዶ ከተገኘሁ ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጉ። በከተማው አዳራሽ በር ላይ በተለጠፈው የመመዝገቢያ ወረቀት ስሜን የጻፈችው እሷ ናት። መጻፍ የማልችል ይመስል! በስልሳ አራት ዓመቴ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ፊደል ከቆጠርኩ ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ። እሷ ግን ዛሬም ሳትጠይቀኝ ትጽፍልኛለች።

"ለወገብ የሚሆን እንቅስቃሴ ነው፣ እቴ" አለችኝ።

ወገብ! ስገባ አሥራ አምስት ሰው በየእጁ አንድ አንድ በትር ይዞ እንደ ንፋስ ወፍጮ ያሽከረክራል። አስተማሪው ዊረሙ ይባላል፤ ከኒውዚላንድ የመጣ ማኦሪ ነው፣ የዚያ አገር ነባር ሕዝብ ዘር። ትከሻው በር ያህላል፣ ድምፁ ሕፃን የሚያስተኛ ነው። የቲማቲም መደገፊያ ሁለት ቀርከሃ ሰጠኝ።

"አክስቴ፣ መሃሉን ያዢው። አትጨብጪው፣ ይዙር።"

መጀመሪያ ጉልበቴን መታሁ። ቀጥሎ ጆሮዬን። ከዚያ የግሌኒስን ቦርሳ ከወንበር ላይ አወረድኩ፤ እሱ እንኳ ደስ ይላል። መጨረሻ ላይ ለአራት ዙር ሁለቱም አንድ ላይ ዞሩ። አራት፣ ቆጥሬያለሁ። "እሰይ!" ብሎ የጮኸ ሰው ነበር። ግሌኒስ አንቺ ነሽ ትላለች። አይደለሁም።

ሁለተኛ አልሄድም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ሄድኩ። መኪናው የእኔ ነው፤ ግሌኒስን ማን ያደርሳታል?

ዘጠኝ ዙር።

እሑድ፣ ሜይ 11

ጓሮ ሆኜ ሞከርኩ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ሸሹ፣ በኋላ አጥሩ ላይ ተሰልፈው ያዩኝ ጀመር። አርባ ዓመት የሙዝ ማሸጊያ መጋዘን ስሠራ እነዚህ ክንዶች ያነሱትን ሣጥን ማንም ቆሞ አላየም። አሁን ስድስት ዶሮ ያያል።

ሃያ አንድ ዙር። ስጨርስ ሰማዩ ብቻውን ይዞር ነበር። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና ያለ ምንም ምክንያት ሳቅሁ። ጎረቤት ሰምቶ ከሆነ ዶሮዎቹ ናቸው እላለሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

ዛሬ የበትር ልክ ቀን ነበር። ቀርከሃው ለመጀመሪያ ነው፤ ከእንግዲህ ሁሉም የራሱን መንታ በትር ከአሉሚኒየም ቱቦ ይሠራል። ዊረሙ ሜትር ይዞ አንድ በአንድ ለካን። ልኩ ከብብት እስከ ጡጫ ነው፤ እሱ ሁለት ጊዜ ሲባዛ የበትሩ ቁመት ይሆናል። በትሩን መሃሉ ላይ ስትይዢው ጫፉ ብብትሽን ሳይነካ ማለፍ አለበት። ከረዘመ ራስሽን ትመቻለሽ። ካጠረ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይዞርና አያምርም፤ በኋላ ጫፍና ጫፉ ላይ እሳት ሲለኮስበትም እሳቱ ለእጅ ይቀርባል። ሁለቱ በትሮች በርዝመትም በክብደትም እኩል ካልሆኑ አንዱ አንዱን እየጎተተ እንደ ተጣሉ በሬዎች ናቸው።

ግሌኒስን ብብቷ ስር ሲነካት እንደ ሕፃን ጮኸች። "አርባ ሰባት! ዘጠና አራት ያዢ።"

እኔን ለካኝ። "ሠላሳ ዘጠኝ። ሰባ ስምንት።"

"እንደገና ለካ" አልኩት።

"ሰባ ስምንት ነው፣ አክስቴ።"

"ይሄ የልጅ በትር ነው።"

"የልጅ አይደለም፤ ያንቺ ነው።"

ከኋላ ግሌኒስ ሳቋን ስትውጥ ሰማኋት። ዞር ስል ጣሪያ ታያለች።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ልጻፈው። ግሌኒስ በዘጠኝ ዓመቷ በቁመት አለፈችኝ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ልብስ የሚወርደው ከታናሽ ወደ ታላቅ ሆነ። እናታችን የእሷን ያለፈ ዓመት ቀሚስ ጫፉን አጥፋ ትሰፋልኝ ነበር። እሷ አዲሱን ለብሳ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ ቅሪቷን ለብሼ ሙዝ እመርጥ ነበር። ታዲያ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ከእሷ ያጠረ በትር ልያዝ?

ቤት ገብቼ ራሴን ለካሁ። የሥራ ጫማዬን አደረግኩ። ክንዴን ከፍ አደረግኩ፣ ጡጫዬን ፈታ አድርጌ ጣቶቼን ትንሽ ዘረጋሁ። ሜትሩ አርባ ሰባት አለ። ቁጥር አይዋሽም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ቆረጥኩ። ዘጠና አራት፣ ሁለቱም። የብረት መጋዝ። መሃሉ ላይ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠቀለልኩ። ያብረቀርቃሉ። አልጋዬ አጠገብ አቆምኳቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

የደም ግፊት ለመለካት ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴ ላይ ያለውን ብልዝ ስታይ ቀስ ብላ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

"ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?" አለችኝ።

"ከስድስት ዶሮ ጋር።"

"የሚመታዎት ሰው አለ? እዚህ የሚነገረው እዚሁ ይቀራል።"

"አለ።"

"ማን?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በበትር። በሁለት።"

ግሌኒስ ጋ ደወለች። ግሌኒስ ስትመጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በኋላ ነርሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። መኪና ውስጥ ግን ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "በምን?" ያለችበት ትዝ አለኝና ሁለታችንም በሳቅ ታፈንን፤ መንገድ ዳር ማቆም ነበረብኝ። ከግሌኒስ ጋር እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነበር? አላስታውስም። ዕንባዬን ከጠረግሁ በኋላ ቶሎ ሞተሩን አስነሣሁ፤ ያው ልማዷ ነው፣ ሰው ሳቀልኝ ብላ ታስባለች።

ግሌኒስ እንዲህ አለች፦ "እቴ፣ ምናልባት በትሩ..."

"በትሩ ደህና ነው" አልኳት።

ሐሙስ፣ ሜይ 22

በጁን ሃያ አንድ፣ በእኛ በደቡቡ የምድር ክፍል በዓመቱ ረጅሙ ሌሊት፣ ወንዙ ዳር የእሳት በዓል አለ። ከተማው ሁሉ ይወጣል። ዊረሙ ሕጉን ተናገረ፦ ጁን አሥራ ሁለት ፈተና ነው። ሦስት ደቂቃ ያለ እሳት ማዞር፤ በትር ሰውነቱን አንዴ የነካው አይለኩስም። የወደቀ ሰው እርጥብ ብርድ ልብስና ባልዲ ይዞ ዳር ይቆማል።

"ባልዲ መያዝም ክብር ነው" አለ ዊረሙ።

ለሱ ይሁን። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ባልዲ ይዣለሁ።

እሳቱን እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ሲነበብ ያሳፍራል፤ ቢሆንም አልሰርዘውም።

ሐሙስ፣ ሜይ 29

ሞኝ። ሞኝ ሴት።

ዛሬ በበትሩ ጫፍና ጫፍ ላይ የታሰረውን ወፍራም ክር ላምባ ውስጥ ነክረን፣ ሳንለኩስ፣ ክብደቱን እንድንለምድ አዞርን። ደረቁን የለመደ እጅ እርጥቡን አያውቀውም። ከነከሩ በኋላ ክሩን አራግፎ ትርፉን ላምባ ማውጣት ይገባል። እኔ ሁሉም ሰው ሲያራግፍ እያየሁ "ብዙ ላምባ ብዙ እሳት ነው" ብዬ ሁለት ጊዜ ነከርኩ፣ አላራገፍኩም። ረጅሙ በትር ጫፉ ከብዶ እንደ በቅሎ ጎተተኝ። አንዱ ቁርጭምጭሚቴን መታ፣ ሌላው ከኋላ ዞሮ መጥቶ ጆሮዬ ውስጥ ላምባ ጨመረ። ጆሮዬ ውስጥ!

ዊረሙ በፎጣ ጠረገኝ። አልሳቀም፤ እሱ ባሰኝ። "አክስቴ፣ እሳት ቢኖርበትስ?" አለኝ።

ፎጣውን ልመልስ ወደ አዳራሹ ጀርባ ስሄድ ዊረሙና ግሌኒስ ሲያወሩ ሰማኋቸው። የሰማሁትን እንዳለ እጽፋለሁ።

እሱ፦ "በአሥራ ስድስት ሳንቲሜትር ረዝሞባታል። ካልቆረጠችው አላስለኩሳትም፤ ፊቷን ታቃጥላለች።"

እሷ፦ "አትቆርጠውም። ከእኔ ያነሰ አትይዝም።"

እሱ፦ "ታዲያ ምን ይሻላል?"

እሷ፦ "ተወው ለእኔ።"

ይኸው እህቴ! ዳር ልታቆመኝ ነው። እሷ መሃል እሳት ይዛ ትቆማለች፣ እኔ ባልዲ ይዤ አያታለሁ። ፀጉሬን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ አሁንም ኩራዝ ኩራዝ እሸታለሁ። ዶሮዎቹ እንኳ ራቁኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 3

እፎይ! ዛሬ ደግሞ በግሌኒስ ሳቅሁ።

ጓሮዬ መጣች፤ "አብረን እንለማመድ" አለች። በትሮቿን ከጨርቅ አወጣች። አጭር! ለካኋቸው፤ ሰማንያ። ክሩን ፈትታ፣ ከየጫፉ ቆርጣ፣ መልሳ አስራዋለች።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ትከሻዬን እያመመኝ ነው። ቀኙን። ረጅሙ ከበደኝ። እርጅና እኮ ነው፣ እቴ።"

"ከእኔ በስድስት ዓመት ታንሻለሽ።"

"ያረጁት ትከሻዎቼ ናቸው።"

እነዚያን ይዛ ስታዞር ብታዩዋት! ያች ረጅም ሴትዮ፣ በእነዚያ ጉጦች! ሾርባ በሁለት እጅ የምታማስል ነው የምትመስለው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። "ጨው ጨምሪበት!" አልኳት። "ቀምሰሽ እይው!" አለችኝ፣ እየሳቀች። ሲያዩዋት ቅር ያላት አትመስልም። ድሮ ብትሆን በሩን ድርግም አድርጋ ትዘጋ ነበር። ሰው ሲያረጅ ኩራቱም ያጥራል መሰለኝ።

ከሄደች በኋላ ትንሽ ከበደኝ። ታማሚ ላይ መሳቅ ጥሩ አይደለም። ሽሮፕ ነገር ወይም ቅባት ልወስድላት ይገባ ነበር። አልወሰድኩም።

ረቡዕ፣ ጁን 4

አሰብኩበት። እሷ ሰማንያ ከያዘች፣ እኔ ሰባ ስምንት ብይዝ ልዩነቱ ሁለት ሳንቲሜትር ነው። ሁለት ሳንቲሜትር ከየት መጣ ብሎ የሚለካ ሰው የለም። ደግሞ አሁን የመጣው ፋሽን ማሳጠር ይመስላል።

ቆረጥኩ። ከየጫፉ ስምንት።

ረቡዕ፣ ማታ

መተኛት አቅቶኛል፤ እጄ ገና ይዞራል።

ምን ብዬ ልጻፈው? ቀላል ሆነ። በትሮቹ በክንዴ ስር አልፈው ይሄዳሉ፣ ምንም አይነኩም፣ ምንም! ቀኙ ወደፊት ግራው ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሁለቱም ከጀርባዬ፣ ከዚያ ከራሴ በላይ። ሃያ አይደለም፣ ሠላሳ አይደለም፣ መቁጠር ተውኩ። ጓሮዬ ባለው መጋዘን ወለል ላይ ኖራ አፍስሼ በክብ ዞርኩበት፤ ጫማዬ የጻፈውን ክብ አየሁ፤ ከእጅ ጽሑፌ ያምራል። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ጨፍኜም አልመታኝም! ከመጋዘኑ ወጥቼ ለላሟ ነገርኳት፣ የጎረቤት ላም ናት፣ አጥሩ ጋ የምትቆመው። "ላሚቱ፣ አየሽኝ?" አልኳት። ማኘኳን ቀጠለች፤ ግን አይታለች።

ስንት ዓመት ሙሉ "እኔ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አልተፈጠርኩም" እያልኩ ኖርኩ? ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም ይሆናል። ይህን ነገር ነገ ሳነበው እንዳልቀደው ደብተሩን ከትራስ ስር አደርገዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ዊረሙ መጀመሪያ የነገረኝ ቁጥር ሰባ ስምንት ነበር። እንደ አጋጣሚ ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 12

አለፍኩ! አለፍኩ! አለፍኩ!

ሦስት ደቂቃ። አንዴም አልነካኝም። ዊረሙ ሰዓቱን አቁሞ ግንባሩን ግንባሬ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ፤ በእነሱ ወግ ትልቅ ነገር ነው። "አክስቴ፣ እንግዲህ ላምባሽን አራግፊ" አለኝ።

ግሌኒስም አለፈች፣ ግን ለጥቂት። ያ አጭር በትር እየፈጠነባት ሁለቴ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር፤ ተጣድፋ ያዘችው። ሲያዩዋት ለቁመቷ አይሆንም። አንዷ ተማሪ ዊረሙን "ለምን ረጅሙን አትሰጣትም?" ስትለው ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው ማሰሪያ የለውም፤ ነጠላ ጫማ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 21

ጠዋት። ጥጥ ልብስ ብቻ፣ ናይለን የለም። ፀጉር እርጥብ። ጨርቅ ራስ ላይ። አልበላም። ግሌኒስ ዱባ ሾርባ ላከች። አልበላም አልኩ። ግማሹን በላሁ።

እሑድ፣ ጁን 22

ትናንት ፀሐይ ወንዙ ማዶ ከሸንኮራው ጀርባ ስትጠልቅ ነው የጀመርነው። ሕዝቡ እስከ ድልድዩ ድረስ ነበር። ነከርኩ። አራገፍኩ፤ ደጋግሜ አራገፍኩ፤ "ይበቃል አክስቴ፣ ውኃ አይደለም" እስኪለኝ። ከዚያ ዊረሙ ችቦውን አቀረበ።

እሳት ድምፅ እንዳለው ማን ያውቃል? ሲዞር እንደ ትልቅ ወፍ ክንፍ ነው፤ ቮፍ፣ ቮፍ። መጀመሪያው ዙር በፍርሃት አለፈ። ሁለተኛው ላይ ፍርሃቱ ወደ ሳቅ ተለወጠ፣ እንዲሁ ቆሜ እየዞርኩ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ሕዝቡም አብሮኝ ሳቀ። ከፊት የነበረች ሕፃን "እናቴ፣ ሴትዮዋ በእሳት እየጻፈች ነው!" አለች። እውነቷን ነው። አራት ዓመት በእርሳስ ስታገል ኖሬ እንዲህ ያማረ መስመር አላወጣሁም።

ግሌኒስ በስተግራዬ ነበረች። አንድ ጊዜ በዓይኔ ጥግ አየኋት። እሳቱ እጇ ላይ ነበር የሚዞረው፤ የእኔ ከእኔ ራቅ ብሎ ይዞራል፣ የእሷ ግን ለረጅም ክንዷ በጣም ቅርብ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ግን ወደ እሳቷ አልነበረም የምታየው። ወደ እኔ ነበር። እየሳቀች።

ከድልድዩ አጠገብ አንድ ሰው "አጭሯ ጉድ ናት! ረጅሟ ግን ሻማ የያዘች ትመስላለች" ሲል ሰማሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሃምሳ ዓመት የጠበቅሁት ንግግር ነው። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ "አንተ ና፣ ያዘው እስቲ!" ብዬ ጮህኩበት።

ስንጨርስ ግሌኒስ እጇን ባልዲ ውስጥ ደበቀች። "ሙቀት ነው፣ ምንም አይደል" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

የሾርባ ማሰሮዋን ልመልስ ሄድኩ። ቤት የለችም። ከቤቱ ጀርባ ዞርኩ፤ መሰላል ላይ ቆማ፣ ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ እስከመጨረሻ ዘርግታ መንደሪን ትቀጥፋለች። አንጓዋ ላይ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። እየዘፈነች ነበር።

ሳታየኝ ተመለስኩ። ማሰሮውን መሣሪያ ክፍሏ ውስጥ ላስቀምጥ ብዬ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አራት የቱቦ ቁራጭ ተደርድሯል፤ ሰባት ሰባት ሳንቲሜትር። ሜትር አልነበረኝም፤ አያስፈልገኝም፣ እጄ ያውቀዋል።

ማሰሮውን እዚያው አስቀመጥኩ። ቤቴ ገባሁ። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ሜይ ሃያ ዘጠኝን አነበብኩ። አራት ጊዜ አነበብኩት። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ስለዚህ ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 26

ደወልኩላት።

"ትከሻሽ እንዴት ነው?"

"ይሻለኛል፣ እቴ። ሌሊት ሌሊት ብቻ ያመኛል።"

"የትኛው?"

"ግራው።"

"ባለፈው ቀኙ ነበር።"

ቀጥሎ አንድ ነገር ሰማሁ፤ ሳቅ በአፍንጫ ሲያመልጥ። ከዚያ እኔም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መተንፈስ እስኪያቅተኝ ሳቅሁ፤ እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ፤ አንዳችንም ምን እንዳሳቀን አልተናገርንም።

"ሰውዬው ሻማ የያዘች ሲለኝ ሰምቼዋለሁ" አለች በመጨረሻ። "አንቺም የጮኽሽበትን ሰምቼአለሁ።"

"ለቤተሰባችን ስም ብዬ ነው" አልኳት። "አሳፈርሽን እኮ።"

"ልክ ነሽ፣ እቴ። አሳፋሪ ነበርኩ።"

"ኋላ ቤት ሁኚ። እመጣለሁ።"

አዲስ ቱቦ ገዛሁ። ዘጠና አራት፣ ሁለት። ዛሬ ጣት አልዘረጋሁም፣ ጫማ አላደረግኩም፤ ሄጄ ብብቷ ስር ሜትር አስገብቼ ራሴ ለካኋት፣ እየጮኸችብኝ። ጡጫዋን አስጨበጥኳት። አርባ ሰባት። አንጓዋ ላይ ያለው ቁስል እንደ ጣት ወፍራም ነው። ስለሱ አልተነጋገርንም።

በፀደይ ሌላ እሳት አለ። እዚያ ረጅሙን ትይዛለች። ሰማንያውን ይዛ ከመጣች ግን፣ ዊረሙ ቢለምነኝ፣ ከተማው በሙሉ ድልድዩ ላይ ቢሰለፍ፣ እኔ ከእሷ ጎን እሳት አልለኩስም።